አበባው ሳይከደን
በትምህርት ቤት ጓሮ ዱባ ስለ ማልማት ለመምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር



የነሐሴን ጭቃ ረግጣችሁ፣ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ንግግሬን አላስረዝምም፤ ምክንያቱን በኋላ ታዩታላችሁ።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለብዙ ዓመታት አርፍዶ የመጣን ተማሪ አካፋ አስይዤ ወደ ጓሮ እልክ ነበር። ብዙዎቻችን አድርገነዋል። ልጁ መሬት መቆፈርን ከቅጣት ለይቶ እንዳያይ ያደረግነው እኛው ነን። በኋላ ያንኑ ልጅ የአትክልት ክበብ አባል ሁን ስንለው ፊቱን ያዞርብናል። ከዚህ ሥልጠና ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ እለምናችኋለሁ፤ የዱባ መደብ የቅጣት ቦታ አይሁን።

ዱባን የመረጥነው ለልጅ ስለሚመች ነው። ዘሩ ትልቅ ነው፤ በትንሽ ጣት ይያዛል። በሳምንት በዐሥር ቀን ብቅ ይላል። ሐረጉ ሲሮጥ በሜትር ይለካል፤ የሒሳብ መምህሩም የሚያስተምርበት ያገኛል። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን አበባውን ነው።

አንድ ክረምት ልጆች እየሮጡ መጡ። «ቲቸር፣ ዱባችን ታመመ፤ አበባው እየረገፈ ነው!» መልሱን አልነገርኳቸውም። «የረገፈውንና የቀረውን እየለያችሁ ቁጠሩ» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ እጄን ይዛ እየጎተተች ወሰደችኝ። አንዱ አበባ በቀጭን አገዳ ላይ ቆሟል፤ ሌላው ከሥሩ አውራ ጣት የምታህል ዱባ ይዟል። ወንዴና ሴቴን በዓይኗ ለየች። ቀድመው የሚያብቡት በአብዛኛው ወንዴዎቹ ስለሆኑ መርገፋቸው በሽታ አልነበረም። ሴቴዋም ብትሆን ንብ የወንዴውን ብናኝ ካላደረሰችላት ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትወድቃለች። ከዚያ ወዲያ «ርክበ ብናኝ» የሚለውን ቃል ለማስረዳት አልደከምኩም።

«ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ምን ያህል ለየቅል እንደሆነ ያየሁት ግን ጎን ለጎን ስንዘራቸው ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የዱባ አበባ ቢጫ ነው፤ ሲነጋ ፈክቶ ከቀትር በፊት ይከደናል። የቅል አበባ ነጭ ነው፤ ሲመሽ ተከፍቶ የሌሊት በራሪዎችን ይጠብቃል። ቅል የአፍሪካ ጥንተ ተወላጅ ነው። የዱባ ወገን ግን ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በዛሬዋ ሜክሲኮ ምድር የተላመደ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1492 በኋላ ውቅያኖስ የተሻገረ ነው። በጾም ገበታችን ላይ ያለው ዱባ ወጥ ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ መምጣቱን ለተማሪዎች ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የሚያስቸግረን የጊዜው ነገር ነው። ዱባ የሚያድገው በዝናብ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ትምህርት ቤት ይዘጋል። መስከረም ላይ ቢዘራ በደጋው አገር የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያቃጥለዋል። እኛ ጋ የሠራው በግንቦት መጨረሻ ዘርቶ፣ በሰፈሩ የሚኖሩ ልጆች በተራ እንዲጠብቁት ማድረግ ነው። መስከረም ላይ የሚመለሱት ተማሪዎች ፍሬውን ሐረጉ ላይ ያገኙታል። ውኃ ያላችሁ ደግሞ በጥር መጨረሻ ዘርታችሁ ከፈተና በፊት ማንሳት ትችላላችሁ። ቆዳው ጥፍር አላስገባ ሲል ደርሷል፤ ከነእጀታው ይቆረጥ፣ እጀታው ከተነቀለ ቶሎ ይበሰብሳል። ዘሩ ለከርሞ ይቀመጥ፤ ሥጋው ግን ያሳደጉት ልጆች ሆድ ይግባ። በዘይት ሲሠራ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ያሳደጉትን ዱባ ለእንግዳ ግብዣ ብቻ ማዋል ግን ልጆቹን መበደል ነው።

አሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ዱባ ዛሬ አራት ሴቴ አበባ አውጥቷል፤ የዘሩት ልጆችም እዚያው ቆመው እየጠበቋችሁ ነው። የሚያስረዷችሁ እነሱ ናቸው። ሥልጠናው መከፈቱን እየገለጽኩ፣ አበባው ሳይከደን ወደ መደቡ እንድንወጣ እጋብዛለሁ። ቦቲ ያደረጋችሁ ቅደሙ።