ልጁን ብቻ ሳይሆን የመጣበትን መንገድም እንጠይቅ
(ለሰበካ ጉባኤያት የምክክር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከሰበካችን አንድ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሁላችንም ደስ ይለናል። ሕክምና ወይም ምሕንድስና እማራለሁ ቢለን እልል እንላለን። ሶሲዮሎጂን፣ በተለይም የትምህርት ሶሲዮሎጂን ላጥና ቢለን ግን «ይህ ደግሞ ምን እንጀራ ያበላል?» ማለታችን አይቀርም። ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ልንሰጥ እንወዳለን፤ መልሱንም ከሩቅ ሳይሆን ከአትክልት ተራ እንፈልገዋለን።

የትምህርት ሶሲዮሎጂ ትምህርት ቤትን ከኅብረተሰቡ ኑሮ ጋር አያይዞ የሚመረምር ጥናት ነው። ማን ይማራል? ማን ያቋርጣል? ስለ ምን? እያለ ይጠይቃል። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ለመምህራን ባስተማረበት ዘመን የዚህን ጥናት መሠረት ከጣሉት አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ በአሜሪካ በጄምስ ኮልማን መሪነት ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት ወጣ። ጥናቱ የተማሪዎች ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሕንፃና መሣሪያ ይልቅ ከቤተሰባቸው ሁኔታ ጋር የበለጠ የተያያዘ መሆኑን አመለከተ። ሌላው ፈረንሳዊ ፒየር ቡርዲዩም ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ቋንቋ፣ ልማድና ዕውቀት እንደ ውርስ ሀብት እንደሚያገለግለው አስረዳ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የመሪጌታ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ዜማውን ከአባቱ አፍ ይሰማል። ከነጋዴ ቤት የመጣው ጓደኛው ያንኑ ዜማ ለመያዝ ብዙ ሌሊት ይደክማል። መምህሩ አንድ፣ ጉባኤውም አንድ ነው፤ የሁለቱ መነሻ ግን የተለያየ ነው። ይህን ያላስተዋለ መምህር አንዱን ብሩህ፣ ሌላውን ደካማ ብሎ ይፈርዳል።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ታሪክም ለዚህ ጥናት ሰፊ መስክ ነው። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝኛ ታትሞ ለውጭው ዓለም ደርሷል። ከንባብ ቤት እስከ ዜማ ቤት፣ ከቅኔ ቤት እስከ መጽሐፍ ቤት የሚዘልቀውን ጉዞ የደሀው ልጅ ሊጓዘው የቻለው ስለ ምንድን ነው? «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ሲቆም ቁራሽ የሚሰጠው መንደር ስለ ነበረ ነው። የቆሎ ተማሪው የተማረው በራሱ ትጋት ብቻ አልነበረም፤ ባለ አገሩም አስተምሮታል። በአንጻሩ ያ በር ለወንዶች ልጆች የተከፈተውን ያህል ለሴቶች ልጆች እንዳልተከፈተ መሸሸግ አይገባንም። ጥናቱ የሚያስመሰግነንንም የሚወቅሰንንም ያሳየናል።

ከአገራችን ታሪክ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ኮሚሽናችን በተመሠረተበት በ1964 ዓ.ም. መንግሥት የትምህርቱን ዘርፍ በሰፊው አስጠንቶ ነበር። ትምህርትን ለብዙኃኑ ለማዳረስ ሲባል አብዛኞቹ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኙ ታቀደ። ሐሳቡ በ1966 ዓ.ም. ሲታወቅ ግን መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች ተቃወሙት፤ መምህራንም ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ሳይፈጸም ቀረ። ዐቃጆቹ ስለ ወጪና ስለ ሽፋን አሰቡ፤ ወላጆቹ ግን ትምህርትን ልጃቸው ከድህነት የሚወጣበት በር አድርገው ያዩት ነበር። ያ በር ከአራተኛ ክፍል በኋላ ሊዘጋ ነው ብለው ሠጉ። የወላጅን ተስፋ ያልጠየቀ ዕቅድ ምንኛ እንደሚሰናከል ይህ ያስተምረናል።

አሁን ወደ አትክልት ተራ እንመለስ። የአትክልት ገበያ የሚነቃው ሌሊት ነው። ቲማቲምና ሽንኩርት የጫኑ መኪኖች ሲደርሱ ሳጥኑና ኬሻው ጎሕ ሳይቀድ መራገፍ አለበት። በዚያ ሰዓት ፌስታል የሚሸጥ ወይም ሸክም የሚያግዝ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ መምህሩ ሰነፍ ይለዋል። የጉሊት ነጋዴዋ እናት ሕፃኑን የሚጠብቅላት ስታጣ ትልቋ ልጅ ከትምህርት ትቀራለች፤ በመዝገቡ ላይ ግን «ቀሪ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይጻፋል።

ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ወደ ጃንሜዳ እንደ ተዛወረ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለጥምቀት በዓል ጃንሜዳ ሲለቀቅ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ እንደ ሄደ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ ስለ ነጋዴውና ስለ ሸማቹ ብዙ ተነጋገርን። ገበያው ሲሄድ የተማሪው ቤት፣ የእናቱ ሥራና ትምህርት ቤቱ ተራራቁ ወይስ ተቀራረቡ? እናቱ ከቤት የምትወጣበት ሰዓት ስንት ሆነ? ይህን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። የትምህርት ሶሲዮሎጂን የተማረ ልጅ የሚያበላን እንጀራ እነዚህን ጥያቄዎች በጊዜያቸው መጠየቁ ነው።

«እንግዲህ ጥፋቱ ሁሉ የኑሮ ከሆነ የልጁ ትጋት ወዴት ሄደ?» የሚል አባት ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነጻ ፈቃድ እንዳለው ታስተምራለች፤ ይህ ጥናትም ትጋትን አይሽርም። ነገር ግን ሸክሙን ሳናይ ተሸካሚውን ብንገሥጽ ተግሣጻችን ፍርደ ገምድል ይሆናል። ሸክሙ ከቀለለ በኋላ ትጋትን መጠየቅ ፍትሕ ነው።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገሮችን በትሕትና እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በመስከረም ደብተርና እስክሪብቶ ማደላችን መልካም ነው፤ ነገር ግን በኅዳርና በጥር ከክፍል የቀሩትን ልጆች ከትምህርት ቤቱ ጋር እየተነጋገርን ምክንያታቸውን እንመዝግብ። ምክንያቱ ረሀብ ከሆነ ከተማው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያካሂደው ምገባ ለልጁ መድረሱን እንጠይቅ። ምክንያቱ ሥራ ከሆነም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን መቅጠርን እንደሚከለክል ለአሠሪዎች በፍቅር እናስረዳ፤ የቤቱን ጉድለት የሚሸፍን ድጋፍም አብረን እንፈልግ።

ሁለተኛ፣ ከቀትር በኋላ ባዶ የሚውል የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ካለን ጸጥታና መብራት ለሌለው ልጅ እንክፈትለት። በትልቅ ገንዘብ የማይገኝ ጥቅም በአንድ ቁልፍ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሶሲዮሎጂን ወይም የትምህርት ጥናትን የመረጡ ልጆቻችንን አናሳፍራቸው። የመመረቂያ ጥናታቸውን በሰበካችን ልጆች ሕይወት ላይ እንዲሠሩ እንጋብዛቸው፤ ከሕፃናቱና ከወላጆቻቸው ፈቃድ ጋር በራችንን እንክፈትላቸው። ውጤቱንም ለጉባኤው በአማርኛ እንዲያቀርቡልን እንጠይቃቸው።

አባቶቻችን የቆሎ ተማሪውን ከየት እንደ መጣ ሳይንቁ ቁራሽ ሰጥተው ለሊቅነት አበቁት። በገበያው ዳር የሚያንቀላፋው ልጅም የእነርሱን ቁራሽ ከእኛ ይጠብቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።