በልጆቹ እርምጃ

በእጃችሁ ያለው ጽሑፍ በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ስብከት ነው። ወላጆች ቤታቸው ወስደው እንዲወያዩበት ብለን አሳጥረን አትመነዋል። የዕለቱ ጥያቄ ከመድረክ ብዙ የሚሰማ አይደለም፤ ፖሊስ በልጅ ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ መጠቀም ይገባዋል ወይ? የሚል ነው።

“ፓስተር፣ ይሄ የፖለቲካ ጉዳይ አይደለም እንዴ?” የሚል ይኖራል። ለእኛ በአሜሪካ ልጆች ለምናሳድግ ሐበሾች ግን ጥያቄው ደጃችን ላይ ነው። ልጆቻችንን ከምንልክባቸው ትምህርት ቤቶች በብዙዎቹ ውስጥ ፖሊስ አለ። በፖሊሱ ወገብ ላይ ደግሞ ከሽጉጡ ሌላ፣ ቴዘር የሚባል መሣሪያ ታገኛላችሁ።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ቅርጹ ሽጉጥ ይመስላል። ሲተኮስ ግን ጥይት አይወጣውም፤ ቀጭን ሽቦ የተያያዘባቸው ሁለት ሹል መርፌዎች ይወረወራሉ። መርፌዎቹ ልብስ ወይም ቆዳ ላይ ሲሰኩ ኤሌክትሪኩ በሽቦው በኩል ይሄዳል። ቃታው አንዴ ሲሳብ ብዙውን ጊዜ 5 ሰከንድ ይቆያል። ጡንቻ ይጨመደዳል፣ እጅና እግር አይታዘዝም፣ ሰውየው እንደ ግንድ ይወድቃል። የተላጠ ሽቦ ነክቶ ኮረንቲ የያዘው ሰው ስሜቱን በጥቂቱ ያውቀዋል። በቤት ውስጥ ግን እጃችሁን ነጥቃችሁ ልታመልጡ ትችሉ ይሆናል። እዚህ የሚለቃችሁ ቃታውን የያዘው ሰው ነው።

መሣሪያውን የፈለሰፈው ጃክ ከቨር የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ዘመኑም 1970ዎቹ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን የወሰደው ከልጆች መጽሐፍ ነው። ቶም ስዊፍት የሚባል ወጣት የኤሌክትሪክ ጠመንጃ ይዞ ጀብዱ የሚሠራበት የድሮ መጽሐፍ አለ፤ “ቴዘር” የሚለው ቃል የተገኘው ከዚያ ርዕስ ፊደላት ነው። ስሙን ከልጆች መጽሐፍ ያገኘ መሣሪያ ዛሬ በልጆች ላይ ይተኮስ ወይ ብለን ለመጠየቅ በቅተናል።

በመጀመሪያ ፍትሐዊ እንሁን። የመሣሪያው ዓላማ ክፉ አልነበረም። ቢላዋ ይዞ የሚመጣን ጎልማሳ በጥይት ከመግደል በኤሌክትሪክ ማቆም ይሻላል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 13 ላይ ባለ ሥልጣን ሰይፍ የያዘው ክፉ አድራጊን ለመቅጣት መሆኑን ያስተምራል። ፖሊስነት ከባድ ሥራ ነው። በየጉባኤያችን ፖሊስ የሆኑ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ እናከብራቸዋለን፣ እንጸልይላቸዋለን። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በሽጉጥ ምትክ የመጣው ይህ መሣሪያ፣ ልጅ ፊት ሲቆም የምን ምትክ ነው?

እስቲ የሆነውን እንይ።

በ2004 በፍሎሪዳ፣ በማያሚ ዴድ፣ አንድ የ6 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ መስታወት ሰብሮ ስባሪውን ይዞ ቆመ። ራሱንም ቆርጦ ነበር። የመጡት ፖሊሶች በቴዘር መቱት። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እዚያው አካባቢ ከትምህርት ቤት የቀረች የ12 ዓመት ልጅ ከፖሊስ ስትሮጥ ተመታች። የፖሊሱ ኃላፊ የመጀመሪያውን ሲከላከሉ ሁለተኛውን ግን መከላከል እንደማይችሉ ተናገሩ።

በ2009 በአርካንሳስ ግዛት፣ ኦዛርክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንዲት እናት የ10 ዓመት ልጇ ገላዬን አልታጠብም ብላ ስላስቸገረቻት ፖሊስ ጠራች። አስፈላጊ ከሆነ ቴዘሩን ተጠቀምባት አለችው። ተጠቀመባት።

በ2013 በደቡብ ዳኮታ፣ በፒየር ከተማ፣ ቢላዋ የያዘች የ8 ዓመት ልጅ በቴዘር ተመታች። ልጅቷ ከአገሬው ነባር ሕዝብ የተወለደች ናት፤ ክብደቷ 30 ኪሎ ገደማ ነበር። በስፍራው የነበሩት ፖሊሶች አራት ናቸው።

በ2018 በሲንሲናቲ፣ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ከሱፐርማርኬት የሚበላ ነገር ሰርቃለች ተብላ ተጠረጠረች። የዕቃው ዋጋ 50 ዶላር ገደማ ነበር። ሱቁን ይጠብቅ የነበረው ፖሊስ ጥላው ስትሄድ ከኋላዋ ተኮሰባት። ያኔ የከተማው ፖሊስ ደንብ መሣሪያውን ከ7 እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ባለው ሰው ላይ ለመጠቀም ይፈቅድ ነበር። ከተማው በኋላ በስምምነት ከ200,000 ዶላር በላይ ለመክፈል ተገደደ።

አሁን እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። ቴዘሩ ባይኖር ኖሮ ገላዬን አልታጠብም ባለችው ልጅ ላይ ሽጉጥ ይመዘዝ ነበር? ብስኩት ይዛ በወጣችው ላይ? ከትምህርት ቤት ቀርታ በሮጠችው ላይ? አይመዘዝም። ፖሊሱ ያናግር ነበር፣ ይከተል ነበር፣ እጇን ይይዝ ነበር፣ ይጠብቅ ነበር። እንግዲያው መሣሪያው እዚህ የሽጉጥ ምትክ አልሆነም። የትዕግሥት ምትክ ነው የሆነው። የዛሬው ቃሌ በአጭሩ ይኸው ነው።

በዘፍጥረት ምዕራፍ 33 ያዕቆብና ኤሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ይገናኛሉ። ኤሳው 400 ሰዎች አስከትሏል። ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። ከዚያ ኤሳው አብረን እንሂድ ይላል። ግብዣው የወንድም ግብዣ ነው። ያዕቆብ ግን ዞር ብሎ ልጆቹንና የሚያጠቡትን ከብቶች ያያል። ልጆቹ ገና ለጋ እንደሆኑ፣ መንጋው አንድ ቀን እንኳ ቢጣደፍ እንደሚያልቅ ይነግረዋል። አንተ ቅደም፣ እኔ ልጆቹ መራመድ በሚችሉት ልክ ቀስ ብዬ እመጣለሁ ይለዋል። ኤሳው ከሰዎቼ ጥቂት ልተውልህ ሲለው እንኳ አያስፈልግም አለ።

ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉ። ያዕቆብ የኤሳውን ቸርነት አልካደም፤ ያልተቀበለው ፍጥነቱን ነው። ያዕቆብ ወደ ሴይር ሳይሄድ ወደ ሱኮት መዞሩን የምታውቁ ትኖራላችሁ፤ ምናልባት ፍርሃቱ ገና አልለቀቀውም። ስለ ልጆቹ የተናገረው ግን እውነት ነው። 400 ሰው የሚጓዝበት ፍጥነት ለ400 ጎልማሳ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ልጅን ግን ይገድላል። ከልጅ ጋር የሚሄድ ኃይል እርምጃውን በልጁ ልክ ማድረግ አለበት። የኛም ሰው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። በልጅ ላይ የፈሰሰው ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።

“ግን እኮ አይገድልም” የሚል አለ። አምራቹ ድርጅት ራሱ በማስጠንቀቂያው ላይ መሣሪያውን በትንሽ ልጅ ወይም ሰውነቱ በቀለለ ሰው ላይ መጠቀም የሞት ወይም የከባድ ጉዳት አደጋን ሊጨምር እንደሚችል ጽፏል። ኤሌክትሪክ የያዘው ልጅ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ራሱን ማዳን አይችልም፤ ጭንቅላቱ ወለሉን ሊመታ ይችላል። በ2011 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር የወጣው የፖሊሶች መመሪያም ፖሊስ እጅግ አስገዳጅ ሁኔታ ካልገጠመው በትንንሽ ልጆች፣ በነፍሰ ጡሮችና በአረጋውያን ላይ እንዳይጠቀም ይመክራል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮሚቴ ደግሞ በ2016 ብሪታንያ ቴዘርን በልጆች ላይ መጠቀምን እንድትከለክል አሳስቧል። ይህን የሚሉት ለፖሊስ ጥላቻ ያላቸው ሰዎች አይደሉም። አንዱ መሣሪያውን ሠርቶ የሚሸጠው ነው፤ ሌላው የፖሊሶቹ የራሳቸው መመሪያ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ቢላዋ የያዘችው የ8 ዓመት ልጅ ናት። “ራሷን ብትወጋስ?” ይህን በቀላሉ አላልፈውም። ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ፣ በእውነት የቀረው ጥይት ወይም የልጁ ሞት ብቻ ከሆነ፣ ከሁለቱ ክፉዎች ትንሹን የመረጠውን ፖሊስ አልፈርድበትም። ነገር ግን “የቀረው ይሄ ብቻ ነው” የሚባለው ስንት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ነው? አራት ጎልማሶች ራቅ ብለው ቢቆሙስ? አንዱ ዝቅ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ በስሟ ቢጠራትስ? የምታምነው ሰው ቢጠራስ? ወፍራም ብርድ ልብስ ቢዘጋጅስ? ራሱን ሊጎዳ የተነሣ ልጅ ጭንቅ ውስጥ ነው። ወደ ተጨነቀ ልጅ የሚመጣው እርዳታ ሌላ ሕመም ይዞ ባይመጣ ይሻላል።

ሌላው ደግሞ በመጽሐፈ ምሳሌ ስለ በትር የተጻፈውን ይጠቅሳል። ወንድሜ፣ ያ ቃል የሚናገረው ልጁን ስለሚወድ አባት ነው። አባት ልጁ ያጠፋውን ያውቃል፣ ማታ አብሮት ይበላል፣ ነገም አብሮት አለ። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ያስጠነቅቃል። የልጃችሁን ስም ለማያውቅ እንግዳ ሰው በኤሌክትሪክ እንዲቀጣላችሁ ፈቃድ የሚሰጥ ቃል እዚያ ውስጥ አታገኙም።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛው ቤት ይገባል። ሕፃን ሲያለቅስ “ዝም በል፣ ፖሊስ መጣልህ!” ማለት በኛ ዘንድ የተለመደ ነው። እዚህ አገር ግን ፖሊስ ሲጠራ እውነትም ይመጣል፤ ሲመጣም ታጥቆ ነው። የኦዛርኳ እናት ልጇን የምትጠላ አይመስለኝም። የደከማት እናት ናት። የደከመ ወላጅ ደግሞ በየቤታችን አለ። ሁለት ሥራ ሠርተው፣ ማታ ገብተው፣ ከማይታዘዝ ልጅ ጋር የሚታገሉ እናቶች ይህን እያነበባችሁ ይሆናል። እኅቴ፣ ያን ማታ ለእርዳታ የምትደውይው መጀመሪያ ለጎረቤት፣ ለእኅትሽ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ይሁን። እኛም በሌሊት የሚደወልልን ሰዎች እንሁን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ልጅን በፖሊስ ማስፈራራት እንተው። ልጃችሁ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ወይም የአእምሮ ጭንቀት ካለበት፣ በአሜሪካ 988 የሚባል ለዚሁ የተዘጋጀ የስልክ መስመር አለ። የግድ 911 ከደወላችሁም የልጁን ዕድሜ፣ ሕመሙን፣ በእጁ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ አስቀድማችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ በአእምሮ ጭንቀት ላይ የሠለጠነ ሰው እንዲላክም ጠይቁ። በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ፖሊስ ካለ፣ ቴዘር ይይዛል ወይ? ስንት ዓመት በሆነው ልጅ ላይ እንዲጠቀም ተፈቅዶለታል? ብላችሁ ጠይቁ። የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ለወላጅ ክፍት ነው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትቅሩ፤ የሚተረጉምላችሁን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። የሲንሲናቲን “ከ7 እስከ 70” የሚል ደንብ ሰዎች ጽፈውታል። ሰው የጻፈውን ሰው ሊያርመው ይችላል።

ለልጆቻችሁም ፖሊስ ሲያናግራቸው እንዳይሮጡ፣ እጃቸውን እንዲያሳዩ አስተምሩ። ይህን ለልጅ ማስተማር ያሳዝናል፤ አስተምሩ ግን። ሸክሙ ሁሉ በልጁ ላይ እንዳይወድቅ ደግሞ ትልልቆቹን እንጠይቅ። የ7 ዓመት ልጅ እንደ ትልቅ ሰው እንዲረጋጋ ከመጠበቃችን በፊት፣ የታጠቀው ትልቅ ሰው እንዲረጋጋ እንጠብቅ።

ያዕቆብ በዚያች ቀን ከ400ዎቹ ጋር ባለመሄዱ ልጆቹን አንድ ሳይጎድል ይዞ ሱኮት ደርሷል። የእኛም ልጆች ቀስ ብለው ይድረሱ፤ ብቻ ይድረሱ።

እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ይጠብቅ፤ በየመንገዱ የሚያገኟቸውንም ፖሊሶች በትዕግሥት ይሙላ። አሜን።