በረሃ ወደ ላይ ይወጣልን?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ በረሃ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ሣቅሁ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁትም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ባና ደርበው በሚያድሩበት አገር ነው። ስለ ውርጭ ተናገር ብባል ኖሮ ወረቀት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ስለ በረሃስ ከእኔ ይልቅ በአንድ መኝታ ክፍል አብሮኝ የሚኖረው የአፋር ልጅ ቢናገር ይሻል ነበር። ለምኜውም ነበር፤ ነገር ግን «አንተ ተናገር፤ እኔ ከፊት ተቀምጬ አዳምጥሃለሁ» አለኝ፤ እንዳለውም ይኸው ከፊት ተቀምጧል። ስለዚህ ብሳሳት እርማቱ ከሩቅ አይመጣም።

ነገሩን ከቃሉ እጀምራለሁ። በአማርኛችን ሰው በረሃ ይወርዳል፤ በረሃ ይገባል፤ ወደ በረሃ ሽቅብ ወጣ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። የደጋ ሰው አነጋገር ነውና በረሃን ሁልጊዜ ከእግሩ በታች ያስቀምጠዋል። ለመንዝ ሰው ደግሞ ይህ ዘይቤ ሳይሆን በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ በጓሳ በኩል ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው፥ ሣሩ አልቆ ገደሉ ሲጀምር፥ ጉም ካልጋረደው በቀር ከእግሩ ሥር ቆላውን፥ ከቆላውም ማዶ ወደ አዋሽ የሚዘረጋውን ግራጫ ሜዳ ያያል። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ያህል ነው። በመኪና መንገዱም ቢሆን ያው ነው፤ የጣርማ በርን ዋሻ ካፖርት ለብሶ ያለፈ መንገደኛ ደብረ ሲና ላይ ቁልፉን ይፈታል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካፖርቱ እንደ ዕዳ በክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

የጂኦግራፊ ተማሪዎች የሚያውቁትን ለሌሎቻችን በአጭሩ ልናገር። በክረምት ዋናው እርጥብ ነፋስ የሚመጣልን ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነው። ይህ ነፋስ ደጋውን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየርም ብዙ እርጥበት መሸከም ስለማይችል ዝናቡን በደጋው ላይ ያራግፋል። ከመንዝ አፋፍ አልፎ ወደ አፋር ቁልቁል ሲወርድ እጁ ባዶ ነው፤ ደረቅ አየር ደግሞ በወረደ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል። የዝናብ ጥላ የሚባለው ይህ ነው፤ ተራራችን ጥላውን የሚጥለው በምድሪቱ ላይ ፀሐይን ከልክሎ ሳይሆን ዝናብን ከልክሎ ነው ማለት ነው። በእርግጥ የአፋር ምድር በረሃ የሆነበት ምክንያት ይህ ብቻ አይደለም፤ ምድሩ ራሱ ዝቅ ያለ ነው፤ በዳናክል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርድ ስፍራ አለ። እዚያው በዳሎል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተለካው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ የእኩለ ቀኑ ሙቀት አይደለም፤ ቀኑና ሌሊቱ፥ በጋውና ክረምቱ ሁሉ ተደምሮ ሲካፈል ነው!

በበልግ ወራት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነፋሱ ከምሥራቅ፥ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ይመጣና ገደሉን ሽቅብ ወጥቶ መንዝን ያጠጣል። የበልግ ገብሳችን የሚበቅለው በዚህ ዝናብ ነው። በልግ ሲቀር የሚሆነውን የመንዝና የግሼ ልጆች ስለምታውቁት አልዘረዝረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ የሥነ ሕይወት መምህሮቻችን ፊት መሆኔን አልዘነጋሁም። ጓሳ እርጥብ አገር ነው፤ ይዘንብበታል፤ ጉም ይተኛበታል። ነገር ግን በበጋ ንጋት ሄዳችሁ ብታዩት ሣሩ ነጭ ነው፤ በአፈሩ ገጽ ያለው ውሃ ደርቆ በረዶ ሆኗል። ፀሐይ ስትወጣ ቅጠሉ ይሞቅና ውሃ ይጠይቃል፤ ሥሩ ግን የሚልክለት የለውም። ተክሉ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠማል። ስለዚህ የጓሳ ተክልና የአፋር ተክል፥ አንዱ በብርድ አንዱ በሙቀት፥ ሳይተዋወቁ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። የቆላው ግራር ቅጠሉን አሳንሶ ሥሩን አርዝሟል። እሬት የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል፤ ውሃው በፀሐይ እንዳይሰረቅበት ነው። የደጋው ጅብራ ደግሞ ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ መካከል ሰብስቦ ለጋውን እምቡጥ ከውርጭ ይሸፍናል፤ ሲነጋ ይዘረጋል። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። የጓሳ ሣርም የሞተ ቅጠሉን አይጥልም፤ እንደ ባና ደርቦት ይኖራል፤ በዚያ ድርብርብ ውስጥ ሌሊቱ እንደ ውጭው አይከፋም።

እንስሶቹም እንዲሁ ናቸው፤ ልዩነቱ ሰዓታቸው መገልበጡ ነው። በበረሃ ብዙው አውሬ ቀን ተደብቆ ሌሊት ይወጣል። በጓሳ ግን ሌሊቱ ስለሚገድል አይጡ በጉድጓዱ ያድርና ፀሐይ ስትሞቅ ይወጣል፤ እርሱን የሚበላው ቀይ ቀበሮም ስለዚህ የቀን አዳኝ ሆኗል። ይህ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ ለዐቅመ መውለድ የደረሱት በአገሪቱ ሁሉ ቢቆጠሩ ከ500 አይበልጡም። በጓሳ ጭላዳ መንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ቀበሮው በመካከሉ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይታያል፤ ጭላዳውም አይሸሸውም። እኛ እረኞች ሳለን ይህን እናየው ነበር፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቅንም። ተመራማሪዎች ቆጥረው በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሊይዝ ከሞከረው 100 ጊዜ የሚሳካለት 25 ያህሉ ሲሆን፥ በጭላዳ መካከል ሲሆን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ከእረኝነት ወደ ዩኒቨርሲቲ መምጣት ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚሉኝ ዘመዶቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ እነርሱ ግን እስካሁን አልረኩም።

ስለ ግመል ጓደኛዬ እንዳስተካክል አዞኛል። ሻኛው ውሃ የቋጠረበት ስልቻ አይደለም፤ ስብ ነው። የግመል ብልሃት ሰውነቱ ሲሞቅ ቶሎ አለማላቡ፥ ከተጠማም በኋላ በጥቂት ደቂቃ 100 ሊትር ያህል መጠጣት መቻሉ ነው። እኔም በበኩሌ የመንዝን በግ ላትና አሳየሁት፤ እርሱም ስብ ነው፤ እርሱም ለክፉ ወራት የተቀመጠ ስንቅ ነው። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ የደጋው ሰው ከአርጎባው፥ ከኦሮሞውና ከአፋሩ ጋር ሲገናኝ፥ ላቱን የያዘው በግና ሻኛውን የተሸከመው ግመል ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሜዳና ኮረብታ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለዝናብ መከላከያ ገሣ ይሆናል። አባቶቻችን፥ የአስቦና የጌራ ልጆች፥ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውት ኖሩ። ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ይዘጋል፤ ማንም አያጭድበትም፥ አያሰማራበትም፤ ጥበቃውም ተራ የተገባለት ግዴታ ነበር። ከዚያ በተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል። ይህን ስናገር አባቶቼን ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ ቄሮ የርስት ሥርዓት ነበርና ከአስቦና ከጌራ ያልተወለደ ሰው ድርሻ አልነበረውም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎች ታላላቅ ወንድሞቻችን ናቸው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውም የገጠር መሬት አዋጅ ብዙ ጭሰኛ ነጻ አውጥቷል። በዚህ እኮራለሁ። ይሁን እንጂ ርስቱ ሲሻር ቄሮውም አብሮ ተሻረ። የጓሳ በር በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ የሁሉ የሆነው መሬት ጠባቂ አጣ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰው፤ ቦታውም ኅብረተሰቡ የሚጠብቀው ሆኖ በክልሉ ሕግ ታወቀ። በመካከሉ ግን ዳር ዳሩ ታርሷል።

ከአራሾቹ አንዱ አጎቴ ነበር፤ ስለዚህ በሰው ላይ እያሳበብሁ አይደለሁም። ሣሩን ነቀለ፤ ሥራ ሥሩንና አፈሩን ከምሮ ጋይ አቃጠለ። በሰሜን ሸዋ ደጋ የታወቀ ዘዴ ነው፤ አፈሩ ሲቃጠል ለገብስ የሚሆን ምግብ ይለቃል። በመጀመሪያው ዓመት ገብሱ እስከ ደረቴ ደረሰ፤ የኛ ቤት ጠላ ሠፈሩን አጠጣ። በሁለተኛው ዓመት ዝቅ አለ። በሦስተኛው ዘሩን እንኳ አልመለሰም። አጎቴ ማረሻውን እየፈታ «የመጀመሪያው ዓመት ብድር ኖሯል፥ ልጄ፤ መሬቱ ይኸው መጥቶ ወሰደው» አለኝ። እንዲህ የተቃጠለ አፈር ዳግመኛ ለመብላት ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ መተኛት አለበት። ሣሩ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

የገረመኝ ግን ገብሱ አይደለም፤ ምንጩ ነው። ከዚያ እርሻ በታች በጎች የምናጠጣበት ምንጭ ነበረ፤ በጋውን ዘልቆ ሰኔን ያይ ነበር። ከታረሰ በኋላ በጥር ይነጥፍ ጀመር። ዝናቡ አልቀረም፤ ይዘንብ የነበረው ያው ነው። ነገር ግን የሚቀበለው የለም፤ ጓሳው ጉሙንና ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ ለአፈሩ ይሰጥ ነበር፤ ራቁቱን የቀረው መሬት ግን ውሃውን በአንድ ቀን አሳልፎ ይሰዳል። ዝናብ ያለው ውሃ የሌለው አገር ምን ይባላል? እኔ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። በ3,300 ሜትር ከፍታ ላይ ቆሜ በረሃ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያየሁትም ቁልቁል አይደለም።

ይህን ማታ ማታ ለጓደኛዬ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ «እኛ አገር በሐምሌ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ይመጣል» አለኝ። ከመንዝ አፋፍ ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት እነ ጀውሃና እነ አታየ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ በአቤ ሐይቅ ያልቃል፤ የተሸከመውን ሁሉ የሚያወርደው በአፋር ምድር ላይ ነው። ጎርፉ በልክ ሲሆን የከብቶቻቸውን ግጦሽ ያበቅላል፤ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ግን ቤትና ከብት ይወስዳል። የአጎቴ ምንጭ በጥር ያጣውን ውሃ የጓደኛዬ ወገኖች በነሐሴ ሳይለምኑ ያገኙት ይሆናል ማለት ነው። የመርሐቤቴ ልጆችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደላችሁም፤ የጀማና የወንጪት ሸለቆ ሙቀቱን ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የናንተ ውሃ ግን ወደ ዓባይ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች የቆርቆሮ ቤት ስለ በዛ ጓሳ ከእንግዲህ ምን ይጠቅማል ይላሉ። እውነት ነው፤ ለክዳን የሚፈልገው ሰው አንሷል፤ የማይሸጥ ነገር ደግሞ ጠባቂው ይሳሳል። እኔ የምፈራውም ይህንኑ ነው። ቀበሮውን ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚከፍለው ገንዘብ ጥሩ ነው፤ ግን የምንጩን ዋጋ እስካሁን ማንም አልከፈለም፤ ከታች ያለውም አገር አልተጠየቀም።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ነገር ለማኅበሩ አቀርባለሁ። ከመንዝ፥ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ስንሄድ በየቀበሌያችን ያሉትን ምንጮች ስም፥ በየትኛው ወር እንደሚነጥፉ፥ ከበላያቸው ያለው መሬት ሣር ይሁን እርሻ ሽማግሌዎችን ጠይቀን እንጻፍ። ከአዋሽ ዳር የመጡት ደግሞ ጎርፉ የመጣበትን ቀን ይጻፉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እንመለከተዋለን። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል፤ የመጀመሪያው ስም የኔ አይደለም፤ እርሱ ቀድሞኛል።