ውሻ ሲያለከልክ



ውሻ እንደ እኛ በላብ አይበርድለትም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ስለዚህ ተከትሏችሁ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ቢያለከልክ ጥላ ሥር አሳርፉት፣ ውኃ ስጡት። አርፎም ካልተወው ወይም ከተንገዳገደ ሰውነቱን በውኃ እያራሳችሁ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ አድርሱት።

በማርቆስ ብርድ ተኝቶ የሚያለከልክ ግን ታሟል፤ ፀረ ተባይ ቀምሶም ሊሆን ይችላል። ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩት።

ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ መንጋጋው ከወደቀ፣ «አጥንት አንቆት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ራቁት፣ ለባለሙያ ንገሩ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። በባህል መድኃኒት ቀን አታጥፉ፤ ሕመሙ ሰው ላይ ከጀመረ አያድንም።

ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ።