የዓመቱን የመብራትና የጋዝ ወጪ አስቀድሞ ስለ ማስላት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ መብራትና ስለ ጋዝ ወጪ የምንነጋገረው ነገሩ ጠብ ስላመጣብን ነው። በአንድ ግቢ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ 4 አባወራዎች ወደ ኮሚቴያችን ቀርበው ነበር። ቢሉን የሚከፍሉት እኩል ለ4 ተካፍለው ነው። ከመካከላቸው አንዷ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ ናቸው። ሌላዋ እናት ደግሞ ከልጅ ልጃቸው ጋር 3 አምፖልና 1 ራዲዮ ብቻ ነው ያላቸው፤ ወጥ የሚሠሩት በከሰል ነው። እኒህ እናት ከፈሉ፣ ከፈሉ፣ በመጨረሻ ቡና ሲጠሩም መምጣት ተዉ።

እኛም ወረቀትና እርሳስ ይዘን ግቢው ውስጥ ገባን። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ 4ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይሠራዋል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ1,000 ማካፈል፣ በሚበራበት ሰዓት ማባዛት፣ አለቀ። የሚገኘው ኪሎዋት ሰዓት ይባላል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረውም ይህንኑ ነው።

የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ማለት 3 ኪሎዋት ተኩል። ጋጋሪዋ በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ሲጋግሩ 70 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር ወደ 300 ሆነ። የእናታችን 3 አምፖሎች ባለ 10 ዋት ናቸው፤ 5 ሰዓት ቢበሩ በወር 4 ተኩል፣ ከራዲዮውና ከስልኩ ጋር ከ8 አያልፍም። ሁለቱ ቀሪ ቤቶች እያንዳንዳቸው ወደ 106 ደረሱ። ጠቅላላው 520! የእናታችን ድርሻ ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም፣ ሲከፍሉ የኖሩት ግን 25 ነው። ጋጋሪዋ ይህን ሲያዩ ደነገጡ እንጂ አልተቆጡም፤ እውነቱን ለመናገር እሳቸውም አላወቁትም ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ባለ እርከን ነው፤ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ይደርሳል፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ታሪፍ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከ50 ያልበለጠው 27 ሳንቲም፣ ከ500 በላይ ያለው ግን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። እንግዲህ 4 ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲሆን፣ ብቻቸውን ቢሆኑ ከ50 በታች የሚሆኑት እናት ከላይኛው እርከን ጋር ተቆጠሩ ማለት ነው። ስለዚህ የየራስ ቆጣሪ ለማስገባት የምትችሉ ማመልከቻችሁን ጻፉ፤ መጻፍ ለሚቸግረው እኛ እንጽፍለታለን።

ዓመቱን ስታሰሉ ደግሞ የአንድ ወር ቢል ወስዳችሁ በ12 እንዳታባዙ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለ4 ዓመት በየ3 ወሩ እንዲጨምር ተደርጓል፤ የመስከረሙ ዋጋ የሰኔ አይሆንም። ይልቅ ኪሎዋት ሰዓቱን ለዓመት አስሉ፣ ብሩን በየ3 ወሩ አስተካክሉ። ለምሳሌ ለቤቷ ብቻ በሳምንት 2 ቀን፣ በቀን 1 ሰዓት ተኩል የምትጋግር ሴት በዓመት 546 ኪሎዋት ሰዓት ትፈጃለች። ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲመጣ ይጨምራል፣ እሱን እናንተው ታውቁታላችሁ። 4 አምፖል ባለ 60 ዋት በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በዓመት 438 ነው፤ ባለ 10 ዋቱ ግን 73። አሮጌውን አምፖል እስኪቃጠል እንጠብቅ የምትሉ ይህን ልብ በሉ።

አንድ አባት «አባ ሳሙኤል ደጃችን ነው፣ የዓባይ ግድብም ተመረቀ፣ ታዲያ ለምን ዋጋ ይጨምራል?» ብለው ጠይቀውናል። አባ ሳሙኤል በ2009 ዓ.ም. ታድሶ የሚያመነጨው 6.6 ሜጋዋት ነው፣ ለሰፈራችን ፋብሪካዎች እንኳ አይበቃም። የዓባዩ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ነገር ግን ምሰሶው፣ ሽቦውና ትራንስፎርመሩም ገንዘብ ይጠይቃሉ። መልሱ ሁሉንም እንደማያስደስት እናውቃለን፤ እኛንም አላስደሰተንም።

ወደ ጋዝ እንምጣ። ቡታጋዝ ያላችሁ፣ ሲሊንደሩን የከፈታችሁበትን ቀን በጠመኔ ግድግዳ ላይ ጻፉ። 40 ቀን ከቆየ በዓመት 9 ጊዜ ታስሞላላችሁ ማለት ነው። ነጭ ጋዝ የምትጠቀሙም በሊትር እንዲሁ አድርጉ። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሣት ስለጀመረ ያምናውን ዋጋ ይዞ ማሰብ አያዋጣም። ከሰልንም አትርሱት! መብራት በጠፋ ቁጥር የምንሮጠው ወደ እሱ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይወደዳል። ስንት ማዳበሪያ እንደገዛችሁ ካልጻፋችሁ ገንዘቡ የት እንደገባ አይታወቅም።

ያ ግቢ አሁን ቢሉን የሚካፈለው በፍጆታ ነው። የእናታችን ያለፈ ትርፍ ክፍያ እንዴት ይመለስ የሚለው ግን ገና አላለቀም፤ ጋጋሪዋ በየሳምንቱ እንጀራ እየሰጡ ለመካስ አስበዋል፣ እናታችን ደግሞ «ነገሩ ይቅር» ብለዋል። ኮሚቴው በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ አዳራሽ ይቀመጣል። በአንድ ቆጣሪ የምትጠቀሙ ሁሉ ያለፉትን 3 ወራት ቢልና የዕቃችሁን ዋት ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ።