በዓይን አይታወቅም

ዛሬ ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማጂክ ጆንሰን ላጫውታችሁ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ነው። «ታዲያ እንዲህ ያለ ረጅም ሰው ቅርጫቱ ስር አይቆምም?» ትሉኝ ይሆናል። እሱ ግን በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኳስ እያነጠረና እያቀበለ ጨዋታውን የሚመራ ጋርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ፍጻሜ የላሪ በርድን ኢንዲያና ስቴት 75 ለ64 ሲረቱ፣ 24 ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ነው። ከዚያም ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር 5 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

በ1991 ለሕይወት መድን ሲባል በተደረገለት ምርመራ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ተገኘ። ያኔም እኮ ሲያዩት ጠንካራ ስፖርተኛ ነው! ኖቬምበር 7 ቀን ራሱ በጋዜጠኞች ፊት ወጥቶ ተናገረ። ብዙዎች አለቀለት አሉ። እሱ ግን በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ ከአሜሪካ ቡድን ጋር ወርቅ አገኘ፤ መድኃኒቱን እየወሰደም ዛሬ ድረስ በሕይወት አለ።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ቁመቱ የጨዋታ ቦታውን አልነገረንም፤ ጉልበቱም የደሙን ነገር አልነገረንም። የነገረን ምርመራው ነው። ስለዚህ «ጤነኛ ይመስላል እኮ» የምትለዋ ቃል ማስረጃ አትሁናችሁ።