የሰፈር ሱቅና የደንበኛ ክብር
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተሰናዳ ንግግር)



ስለ ንግድና ስለ ሒሳብ አያያዝ በሚደረግ ጉባኤ የሚነሡት አርእስት አብዛኛውን ጊዜ ታላላቆቹ ናቸው። ባንኩ፣ መድኑ፣ የውጭ ንግዱና ፋብሪካው ሁሉም የየራሳቸው ተናጋሪ አላቸው፤ የሰፈር ሱቅ ግን ጠበቃ የለውም። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከባንክ ሠራተኛ ጋር ቃል ከሚለዋወጥበት ጊዜ ይልቅ ከባለሱቅ ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ እጅግ ይበልጣል። ጠዋት ዳቦውንና ሻይ ቅጠሉን፣ ከቀትር በኋላ ዘይቱንና ሳሙናውን፣ መብራት በጠፋ ማታ ሻማውንና ክብሪቱን የሚገዛው ከዚያው ከአንዱ መስኮት ነው። ንግድ ማለት ምን እንደሆነ ለብዙው ሕዝብ የሚያስተምረውም ይኸው መስኮት ነው።

በዚህ መስኮት ላይ የሚሰማው ቅሬታ አዲስ አይደለም። ደንበኛው ሰላምታ ሰጥቶ የሚፈልገውን ይጠይቃል። ባለሱቁ ከያዘው ስልክ ቀና ሳይል «የለም» ይላል። ዕቃው ከመደርደሪያው ላይ በግልጽ እየታየ ደንበኛው በጣቱ ቢያመለክት «እሱ የተሸጠ ነው» ይባላል። ዋጋውን ጠይቆ ዝም ካለ ይገላመጣል፤ ደግሞ ከጠየቀ «ትገዛለህ ወይስ አትገዛም?» የሚል መልስ ያገኛል። የገዛው ወተት የተበላሸ ሆኖ ቢመልሰው ጥፋቱ የራሱ፣ አለዚያም የወተት አቅራቢው ይሆናል፤ የባለሱቁ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ጉዳዩን በጥሞና ለሚመለከት ሰው ከቃሉ ሻካራነት ይልቅ የቃሉ አከፋፈል ያስገርማል። ያው ባለሱቅ፣ በዚያው ደቂቃ፣ ከመኪና ለወረደው ሰው «ምን ልታዘዝ ጌታዬ?» ይላል። አጠገቡ ለቆመችው የቤት ሠራተኛ «አንቺ፣ ምንድን ነው?» ይላታል። እርስዋ ቀድማ የመጣች ብትሆንም የምትስተናገደው ከሰውዬው በኋላ ነው። እንግዲህ ባለሱቁ ትሕትና የማያውቅ ሰው ነው ማለት አያስኬድም። ትሕትናን ያውቃል፤ ልክ እንደ ስኳሩ እየመዘነ ይሰጣል። ከሁሉም በታች የሚመዘንለት ደግሞ የተላከ ሕፃን ነው። ቁመቱ ከመስኮቱ ስለማይደርስ እጁን ብቻ ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ብሩን በመዳፉ ጨብጦ፣ የታዘዘውን እንዳይረሳ በአፉ እየደጋገመ ይቆማል። ከኋላው የመጡ አዋቂዎች ሁሉ ገዝተው ይሄዳሉ። ዘግይቶ ቤት ሲደርስም የሚቆጡት እርሱን ነው።

የሱቁ አሠራር ራሱ ለዚህ ያመቻል። አብዛኛው የሰፈር ሱቅ ደንበኛው የሚገባበት ቤት አይደለም፤ በአጥር ወይም በግድግዳ ላይ የተከፈተ መስኮት ነው። ብዙውን ጊዜም የብረት ፍርግርግ አለበት። ገዢው መንገድ ላይ ይቆማል፤ በሐምሌ ዝናብ ይመታዋል። ዕቃውን አይዳስስም፣ የአገልግሎት ዘመኑ የተጻፈበትን ቀን አያነብም፣ ሚዛኑ ከየትኛው ቁጥር ላይ እንደቆመ አያይም። ሻጩ ደግሞ ከፍርግርጉ በስተጀርባ ሆኖ ቁልቁል ይመለከታል። ለፍርግርጉ ምክንያት አለው፤ ሌሊት ይሰረቃል፣ ቀንም ይነጠቃል። በንጽጽር ያህል፣ መሬት ላይ ከፊታቸው ጥቂት የቲማቲምና የቃሪያ መደብ ዘርግተው የሚሸጡት የጉልት ሴቶች ከሰፈር ባለሱቅ ያነሰ ካፒታል፣ የባሰም ችግር አለባቸው። ይሁንና «መርቂልኝ» ሲባሉ አንድ ሁለት ፍሬ ጣል ያደርጋሉ፤ ገዢውንም «ነገም ናልኝ» ብለው ይሸኛሉ። ልዩነቱ የአስተዳደግ ወይም የትምህርት አይደለም። ከጉልቷ ሴት አጠገብ ያንኑ ቲማቲም የዘረጉ ሌሎች አሉ፤ ገዢው ፊቱን ቢያዞር ገበያው አብሮ ይዞራል።

የቀድሞውን ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንት ስለ ዐረብ ሱቅ ደግ ደጉን ያወራሉ። ከየመን መጥተው በየሰፈሩ የከፈቱት ነጋዴዎች ማለዳ ከፍተው ማታ አምሽተው የሚዘጉ፣ ለልጅ ከረሜላ የሚመርቁ፣ ለጎረቤት በዱቤ የሚሰጡ ነበሩ ይባላል። ከእነርሱ ጎን ለጎን፣ ኋላም በእነርሱ ቦታ፣ ከጉራጌ አገር የመጡ ብርቱ ወጣቶች ያንኑ ሥራ ያዙ። ትዝታ የማሳመር ልማድ ቢኖረውም በዚህ አነጋገር ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ በዚያን ጊዜ የሱቁ ኑሮ በደንበኛው መመላለስ ላይ የቆመ ነበር።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በእነርሱም ሥር የቀበሌ ሱቆች ተከፈቱ። ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ጨርቁ በኮታና በካርድ መታደል ጀመረ። ሐሳቡ ድሀው በተወሰነ ዋጋ እንዲያገኝ ነበር፤ በዚህ ረገድ ለብዙ ቤተ ሰብ እንደ ጠቀመ አይካድም። ነገር ግን ከባንኮው በስተጀርባ የቆመው ሰው ሻጭ መሆኑ ቀርቶ አዳይ ሆነ፤ ከፊቱ የተሰለፈውም ገዢ መሆኑ ቀርቶ ተቀባይ ሆነ። ተቀባይ አይመርጥም፣ አይከራከርም፣ ሰልፉን ትቶ ወደ ሌላ አይሄድም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግሉ ንግድ ሲስፋፋ ይህ ጠባይ ይጠፋል ተብሎ ቢጠበቅም እጥረት በተከሠተ ቁጥር ይመለስ ነበር። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ባወጣ ጊዜ ስኳርና ዘይት ከመደርደሪያው ላይ ጠፉ። የአብዛኞቹ ሸቀጦች ጣሪያ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢነሣም የስኳርና የዘይት ሰልፍ በሸማቾች ማኅበራት ደጅ ቀጠለ። ባለሱቁም «ስኳሩን ከፈለግህ ሩዙንም ግዛ» ማለትን ተማረ። ዕቃ ሲጠፋ ቁጣ ርካሽ ይሆናል፤ የሚያስከፍለው ነገር የለውምና።

ስለ ባለሱቁ ሲነገር አንድ ስሕተት ይሠራል፤ በመስኮቱ የሚታየው ሰው ባለቤቱ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ ነው። ጎሕ ሲቀድ ይከፍታል፤ ከምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት ድረስ ይቆማል፤ ሌሊት እዚያው ከጆንያዎቹ መካከል ይተኛል። ምግቡንና ልብሱን ያገኛል፤ ደመወዙ «ኋላ የራስህን ሱቅ እከፍትልሃለሁ» የሚል ተስፋ ነው። ዕቃ ከጎደለ ይጠየቃል፤ ለሰው ፈገግ ስላለ ግን የሚያመሰግነው የለም። ዐሥራ አምስት ሰዓት በቆመ በዚህ ልጅ ፊት ላይ ደስታን መፈለግ ይከብዳል። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ከራሱ በላይ የሰቀለው አሠሪው ነው፤ አሠሪው ደግሞ በቦታው የለም።

በደል የሚሆነው ግን ነገሩ ከዱቤ ደብተር ሲደርስ ነው። የወር ደመወዝ የማያደርሳት እናት ከወሩ አጋማሽ በኋላ በዱቤ ትወስዳለች። ባንክ ይህን ብድር አይሰጣትም፤ ዕቁቡም ገና ተራዋ አልደረሰም። ባለሱቁ ያለ ዋስና ያለ ወለድ ይሰጣታል፤ ይህም ከሰፈር ሱቅ አገልግሎቶች ሁሉ የሚበልጠው፣ ከየትኛውም ትልቅ መደብር የማይገኘው አገልግሎት ነው። ነገር ግን ደብተሩ አንድ ነው፤ የሚኖረውም ከባለሱቁ ዘንድ ነው። የሚጽፈው እርሱ ነው፤ የሚደምረውም እርሱ ነው። በወሩ መጨረሻ «አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር ሆኗል» ሲላት «እንዴት?» ብላ ብትጠይቅ ነገ በዱቤ ማግኘቷ ያጠራጥራል። ስለዚህ አትጠይቅም። የሚሰድባትን መስኮት ትታ ማዶ ወዳለው ሱቅ የማትሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማዶ ያለው አያውቃትም፣ ዱቤም አይሰጣትም። በእጁ ብር ያለው ሰው የባለሱቁን ኩርፊያ እንደ ትንሽ ነገር ይቈጥረው ይሆናል፤ ባለዕዳዋ ግን ኩርፊያውን ከዕዳው ጋር አብራ ትከፍላለች።

የመልስ ነገርም ከዚህ አይርቅም። «ዝርዝር የለኝም» ተብሎ በሳንቲም ፈንታ ማስቲካ ወይም ከረሜላ መሰጠቱ እንደ ሕግ ተለምዷል። ያንኑ ማስቲካ መልሶ በገንዘብ ቦታ የሚቀበል ባለሱቅ ግን አልተገኘም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ችግር ስልክ ላለው ሰው ቀለል ብሏል። ስልክ የሌላቸው አሮጊት ግን ማስቲካቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ሕጉ ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም እንዲጠበቅ መብት ሰጠ። ዕቃ አይቶ ወይም ዋጋ ተከራክሮ ሳይገዛ የሄደ ሰው ግዛ ተብሎ እንዳይገደድ ደነገገ፤ ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍና ደረሰኝ እንዲሰጥም አዘዘ። ትሕትናን በአዋጅ ማስፈር መልካም ነው፤ ሆኖም ስለ አንድ ግልምጫ አቤቱታ ጽፎ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ሰው አይገኝም። ከዚህ ሁሉ የዋጋ መለጠፉ ትእዛዝ ብቻውን ቢፈጸም ግማሹ ጠብ በቀረ ነበር፤ «ስንት ነው?» ተብሎ ዐሥር ጊዜ መጠየቅም፣ ለአንዱ እንዲህ ለሌላው እንዲያ ብሎ መሸጥም ይቀር ነበርና።

የሒሳብ ባለሙያ በዚህ ነገር ምን ይገባዋል የሚል አይጠፋም። ባለሙያው ከትንሹ ሱቅ ጋር የተገናኘው እስካሁን በግብር በኩል ብቻ ነው፤ ያውም በጥሩ ሁኔታ አልነበረም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ሲነገር በልዩ ልዩ ከተሞች ሱቆች እንደ ተዘጉ ይታወሳል። ደብተር የሌለው ነጋዴ በግምት ይገመታል፤ ግምቱን የሚፈራ ነጋዴም ደብተር አይይዝም፤ ቢይዝ እንኳ ይደብቃል። ደንበኛዋ ልትመለከተው ያልተፈቀደላት የዱቤ ደብተር ከዚሁ ፍርሃት ጋር የተያያዘ ነው።

ሊሞከር የሚችል አንድ ቀላል ነገር አለ። የዱቤው ደብተር ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከሱቁ፣ አንዱ ከደንበኛዋ ቤት። በተወሰደ ቁጥር ቀኑ፣ ዕቃው፣ መጠኑና ዋጋው በሁለቱም ላይ ይስፈር። ማንበብ የማትችል ከሆነች ተማሪ ልጅዋ ያነብላታል። ይህ ለባለሱቁም ጥቅም አለው፤ ዕዳው ሲካድ ማስረጃው ከባለዕዳዋ እጅ ይገኛል። አምዶቹን አስምሮ፣ አጻጻፉን ለሱቁ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማስረዳት ለአንድ የማኅበሩ አባል ከባድ ሥራ አይደለም። አብዛኛው አባል በሰፈሩ በስም የሚያውቀው ባለሱቅ አለው፤ ሙከራው ከዚያ ሊጀመር ይችላል። ለመጀመሪያው ዓመት የሚፈለገውም በየወሩ መጨረሻ፣ ሒሳቡ በሚዘጋበት ቀን፣ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየትና በመካከላቸው የተገኘውን ልዩነት ጽፎ ማስቀመጥ ነው።